መሪና ተመሪ

ነጩ በትር ከመምጣቱ በፊት እንዳላማውና አምደሚካኤል እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር። አንዱ ዓይነ ስውር፣ አንዱ መሪ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ነገር ማየት የፈለገ የመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ይመልከት።

እኔ ግን አያቸው ነበር። ሱቄ ከአያ ገዳሙ ግቢ በር አጠገብ ናት። የሞባይል ካርድ፣ ሳሙና፣ ክብሪት እሸጣለሁ፤ የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ቀኝ እጄን ልጅ ሆኜ የወፍጮ ቀበቶ ስለወሰደው ሥራዬን የምሠራው በግራ እጄ ነው። የቀረውን በዓይኔ ነው የምሠራው።

እንዳላማው ልብስ ሰፊ ነው፤ የቁይ ልጅ። አንድ እግሩን ፖሊዮ ስላደከመው በአንድ ብብቱ ክራንች ይይዛል፣ በሌላ እጁ አምደሚካኤልን። አምደሚካኤል ከዲማ በኩል የመጣ፣ ቅኔ ቤት ያደገ፣ አሁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምር መምህር ነው። አያ ገዳሙ ግቢ ውስጥ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ለብዙ ዓመት አብረው ኖረዋል። ጠዋት ሲወጡ ልብ ብሎ ያየ ሰው ማን ማንን እንደሚመራ ይምታታበታል። ድንጋዩን የሚናገረው እንዳላማው ነው፤ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሰውነቱን የሚጥለው አምደሚካኤል ላይ ነው።

ይዋደዳሉ። ባልና ሚስት እንደሚዋደዱት ማለቴ ነው። አንዴ ልናገረውና ልለፈው፤ በሰፈራችን የሚናገረው ስለሌለ። ቢነገር ቤት ማጣቱ ቀላሉ ነው። ከቤቱ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ አለ። ከፖሊሱ ቀድሞ የሚደርስ ደግሞ ሰፈርተኛ አለ።

አንቺ እንዴት አወቅሽ የሚለኝ ካለ፣ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል የምኖረው ከዜማ ጋር ነው። ዜማ ሹሩባ ትሠራለች። ጆሮዋ አይሰማም፤ የምንነጋገረው በምልክት ነው። የምወድላትን ነገር ሁሉ የምነግራት በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቄ ደጃፍ፣ ደንበኛ ፊት ነው። ደንበኛው እጄን እያየ «ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» ይላል። «ስለ ሽንኩርት» እላለሁ። «ሽንኩርት ይህን ያህል ያስቃል?» ይላል። እኔ እንግዲህ ሁለት እጅ የሚፈልገውን ቋንቋ በአንድ እጅ ስለምናገረው፣ ዜማ ትንተባተቢያለሽ ትለኛለች።

የእድራችንን ደንብ ካልነገርኩ የመጣው ነገር አይገባም። በእድራችን መሪና ተመሪ እንደ አንድ ቤት ነው የሚቆጠሩት። የድሮ ሰዎች ናቸው ያወጡት፤ ዓይነ ስውር ያለ መሪው ቀብር አይመጣም፣ መሪውም ጥሎት አይመጣም ብለው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት የቀረው የሐዘኑ ባለቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ፊት ይቀመጣል። «እግዜር ያጥናህ» የሚባለው እሱ ነው። የፈለገውን ያህል ቢያለቅስ «ምኑ ነበር?» የሚል የለም። እኔና ዜማም የገባነው በዚሁ ደንብ ነው፤ ምላሷ ናት ተብዬ።

ይህ ደንብ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባን አበባው የሞተ ጊዜ ነው። አበባው ከታች ሰፈር ነበር። ከኪዳነ ማርያም ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ግን ሁለቱም ዓይናቸው ያያል፣ እግራቸው ይሄዳል፣ እንደ አንድ ቤት የሚያስቆጥር ምንም ጉድለት አልነበራቸውም። ደባሎች ነበሩ። ለቅሶው ላይ ፊት የተቀመጠው ከአበባው ጋር ዓመታት ያልተነጋገረ ወንድሙ ነው። አምደሚካኤል እንዳላማውን በጆሮው «ኪዳነ ማርያም የት ነው ያለው?» አለው።

«በሩ ጋ ነው፤ ውኃ ከሚቀዱት ጋር።»

«ድምፁ አይሰማኝም።»

«ጎረቤት የሚያለቅሰውን ያህል ነው የሚያለቅሰው» አለ እንዳላማው።

ሲመለሱ ሱቄ ደጃፍ ቁጭ አሉ። አምደሚካኤል «እኔ ፊት መቀመጥ ነው የምፈልገው» አለ። «እኔ ከቀደምኩም እሱ እንደዚያው። ሌላ ምንም አልጠይቅም።» ዜማ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እኔንና ራሷን በጣቷ አመለከተች።

ነጩ በትር የመጣው ከትንሣኤ በኋላ ነው። አንድ ማኅበር ዓይነ ስውራንን በአዳራሽ ሰብስቦ አደላቸው፤ የሚታጠፍ፣ ቀላል፣ ጫፉ ቀይ። አንዲት አሠልጣኝ መንገድ ላይ እያስወጣች አስተማረቻቸው። ሌሎቹ አሁንም አሁንም ከግድግዳ ሲጋጩ አምደሚካኤል ቶሎ ያዘው። ችግሩ ጎበዝ መሆኑ ነው። ቀስ እያለ ትምህርት ቤቱ ብቻውን ደረሰ። ገበያ ብቻውን ወርዶ ቲማቲም ገዝቶ መጣ። ግማሹ የፈረጠ ነበር፤ ግን ራሱ የመረጠው ፍርጥ ነው። ሱቄ ደጃፍ ቆሞ አንድ በአንድ አስነካኝ።

ከሱ ይልቅ የተደሰተው እንዳላማው ነው። ትከሻው በክራንች አልቋል፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ስፌት መኪናው ለመመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ማረፍ ጀምሮ ነበር። ለበትሩ ከሙሉ ልብስ ትርፍራፊ ከረጢት ሰፋለት፤ ገበር ያለው፣ ቁልፍ ያለው። «ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ኮት ሰፍቶልኝ አያውቅም» አለኝ አምደሚካኤል።

ስህተታቸው ከዚህ በኋላ ነው። አምደሚካኤል ጠዋት በበትሩ ይሄዳል። ማታ እንዳላማው የስፌት ሱቁን እስኪዘጋ ይጠብቀዋል። ከዚያ በትሩን አጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ይከትና እንደ ድሮው እጁን ይይዛል። የለመዱት ነው። በትሩ እስኪመጣ ድረስ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ መሄዱን ሁለቱም ልብ አላሉትም። አያ ገዳሙ ግን ልብ ብሎታል።

አያ ገዳሙ የግቢው ባለቤት ብቻ ሳይሆን የእድሩ ዳኛም ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ትክክል ያልሆነ ነገር መፈለግ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ሰው ሲመጣ ያስታውቃል። እሱ ሲመጣ ክርኑን መደርደሪያዬ ላይ ያሳርፋል፣ ሳሙና ያሸታል፣ አይገዛም።

«ፍቅርአዲስ፣ አንቺ እንኳ ነገር ታያለሽ።»

«ሳሙና ነው የማየው፣ አያ ገዳሙ።»

«መምህሩ ዛሬ ጠዋት ብቻውን ሄደ።»

«ሄደ።»

«ማታ ተይዞ መጣ።»

«ደክሞት ይሆናላ።»

«በትሩን አጥፎ፣ ከረጢት ከቶ፣ ቁልፍ ቆልፎበት። ሰው ሲደክመው ምርኩዙን ያጥፋል?»

ሳሙናዎቹን ማስተካከል ጀመርኩ። የተስተካከሉ ነበሩ።

«እኔ ልጅ ሳለሁ» አለ፣ «ዲማ ዓይነ ስውር ተማሪ አይቻለሁ። መሪው የዱላውን አንድ ጫፍ ይይዛል፣ ተማሪው ሌላውን። በመሀል ዱላ አለ። እጅ ለእጅ አይያያዙም።»

«ከተማ ነዋ።»

«ከተማ ዱላ ጠፋ?» ሳሙናውን መልሶ አስቀመጠ። «ሁለቱም ደግሞ አላገቡም።»

«ማን ይሰጣቸዋል ብለው ነው? ለእኔስ ማን መጣ?»

«ለአንቺ እኔው ራሴ ሰው አምጥቼልሽ ነበር።»

«አስታውሳለሁ። የእኔን እጅ ያህል ጥርስ ነበረው።»

አልሳቀም። ዜማን አያት። ዜማ የአንዲት ልጅ ጸጉር ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ሲያያት ታውቃለች። ቀና ብላ ፈገግ አለችለት። ይህ ፈገግታዋ ለቀበሌ ሰዎችና ለውሾች የምታሳየው ነው።

«እሷስ ደህና ናት?» አለ።

«ደህና ናት።»

«ጥሩ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ ሳሙና አሸተተ።

በሰኔ ወር መጀመሪያ የእድሩ ስብሰባ ሊሆን ሲል አጀንዳውን አሰማ። መምህሩ እግዚአብሔር ይመስገን መሪ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ መሪና ተመሪ የሚለው ደንብ ቀርቶ ሁለት ቤት ይሁኑ። አባላቱ ፊት ይሂድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ስብሰባችን ቦታ ብቻውን ይምጣ። ከደረሰ ሁለት ቤት ናቸው፣ ካልደረሰ እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ማንም አልተቃወመም፤ ትክክል ነገር ነው። እኔን ያስፈራኝም ትክክል መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ አራታችንም ከሱቄ ጀርባ ተቀመጥን። ዜማ ለሰው ማስመሰያ የእኔን ጸጉር ፈትታ ትሠራለች።

«ትሄዳለህ» አለው እንዳላማው። «ትሄድና ትደርሳለህ። ሁለት ቤት ከሆንን እንሁን። ለሞታችን ብዬ በቁምህ አላስርህም።»

«ዛሬ ሁለት ቤት ይለናል» አለ አምደሚካኤል። «በሚቀጥለው ወር ሁለት ቤት ከሆናችሁ ለምን በአንድ ክፍል ይላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል ታውቀዋለህ።»

«ሌላ ግቢ እንከራያለን።»

«በምን ምክንያት? እንደ አበባውና ኪዳነ ማርያም? በደባልነት?»

እንዳላማው ክራንቹን መሬት ላይ አሽከረከረ።

ዜማ ትከሻዬን መታ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ምን ትላለች?» አለ አምደሚካኤል።

«ለእኔም የጆሮ መሣሪያ ሊያመጡልኝ ይሆን እንዴ ትላለች።»

አምደሚካኤል ሳቀ። እንዳላማው ግን አልሳቀም። «ቀልድ አይደለም» አለ። «በእኛ ላይ ከፈረደ በእናንተም ይፈርዳል።»

«እሷም ቀልዷን አይደለም» አልኩት።

አምደሚካኤል ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁልፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ። «አስቤበታለሁ» አለ በመጨረሻ። ምን እንዳሰበ አልነገረንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሱቄ አጠገብ ባለው የስብሰባ ቦታ ወንበሩን አውጥቶ ተቀመጠ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ በቀኝ በኩል የጎርፍ ቦይ አለ፣ ክዳኑ የተወሰደ። ዝናብ ስለነበር ጭቃና ውኃ ሞልቶታል። አምደሚካኤል ከመሄዱ በፊት ወደ ሱቄ መጣና ስልኩን ሰጠኝ፣ «ቻርጅ አድርጊልኝ» ብሎ። ተቀበልኩት። ሲሄድ ስልኩን አየሁት፤ ባትሪው ሙሉ ነበር። ጫማውንም አየሁ። የእሑድ ጫማ አይደለም፤ ትምህርት ቤት በጭቃ የሚሄድበት ቀን እንኳ የማያደርገው፣ ሶሉ የተላቀቀው ነው።

እንዳላማው የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ እንዲቆም፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተነገረው። አምደሚካኤል በትሩን ዘረጋ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተነሣ።

እንዴት እንደሄደ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ያን ቀን የሄደውን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሄዶ አያውቅም። እግሩን ጎትቶ አይደለም፣ ተንቀጥቅጦም አይደለም። ቀና ብሎ ነው። የቆመ ባጃጅ ነበር፤ ነካው፣ ዞረው። አንዲት ፍየል ነበረች፤ እስክትነሣ ጠበቃት። አንዱ አባል «ወይ ጉድ» አለ። አንዲት ሴት ልታጨበጭብ ጀምራ ባሏ እጇን ያዛት። እንዳላማውን አየሁት። በክራንቹ ላይ አንገቱን አስረዝሞ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ደስ ብሎት ነበር። ሁሉን ነገር ረስቶ ደስ ብሎት ነበር።

አምደሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፍጥነቱን ቀነሰ። ሁልጊዜ የሚያደርገውን ጥቁር መነጽር አውልቆ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ላብ የሚጠርግ መሰለ። በትሩ ወደ ቀኝ ሄዶ የቦዩን ጠርዝ ነካ። መልሶ ነካው፤ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ቀኝ ተራመደና ገባ።

ሰው ሁሉ ተነሣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ግንባሩን ድንጋይ ፈልጦታል፣ ጉልበቱ ተጋጭቷል። በትሩ ጎብጦ ወጣ። መጀመሪያ የደረሰው አያ ገዳሙ ነው፤ ብብቱ ሥር ገብቶ ያወጣው እሱ ነው፤ ነጠላውም በጭቃ ተበላሸ። እንዳላማው በክራንቹ እየዘለለ መጣ። እጁን ብቻ ሰጠው፤ አምደሚካኤል ያዘው። ያን ሰዓት ደብረ ማርቆስ ሙሉ ቢመጣ በዚያ እጅ ላይ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ዜማ ከሱቁ በር ሆና እጇን አንቀሳቀሰች። ቦዩን ያውቀው ነበር፣ አለችኝ። ስለ ሽንኩርት ነው ብዬ የምመልስለት ሰው እንዳለ ዙሪያዬን አየሁ።

አያ ገዳሙ ጭቃውን ሳይጠርግ ፈረደ። «እንደነበሩ ይቀጥላሉ። አንድ ቤት ናቸው። የብረት ዱላ የሰውን ያህል አይሆንም፤ አይተናል። ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይነሣ።» አባላቱ ተስማሙ። አንዱ ይህን በትር ያመጡትን ሰዎች ወቀሰ።

እንዳላማው ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ለአምደሚካኤል ከ«ድንጋይ» እና ከ«ደረጃ» በቀር ቃል አልተናገረውም። እኔ ጋ መጥቶ ነው የሚናገረው። «ብቻውን ሲሄድ አይተሽዋል?» ይለኛል። «አይቻለሁ» እለዋለሁ። «እንደዚያ የሚሄደውን ሰው እኔ ነኝ የማስረው እንግዲህ።» የጎበጠውን በትር በእንፋሎት ካውያው ሊያቃና ሞክሮ አልቻለም፤ ብረት ጨርቅ አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ አድርጎ አልጋው ሥር አስቀመጠው። አምደሚካኤልን ጠየቅሁት፣ አይቆጭህም ብዬ። «ይቆጨኛል» አለ። «ፊት ስቀመጥ ግን ይቆጨኛል አልልም። ወይ እሱ ሲቀመጥ።» ግንባሩ ላይ ያለውን ቁስል ነካካ። «ፍየሏን እንዴት እንደጠበቅኋት አየሽ?»

አንድ ማታ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አያ ገዳሙ መጣ። ክርኑን አስቀመጠ። ሳሙና አላሸተተም።

«መምህሩ ቁስሉ ዳነ?»

«እየዳነ ነው።»

«ጥሩ ነበር አወዳደቁ።»

ክብሪቶቹን መቁጠር ጀመርኩ።

«ሰው ሲወድቅ እጁን ነው የሚዘረጋው» አለ። «እሱ ከመውደቁ በፊት መነጽሩን አወለቀ። እኔ ዓይኔ ደህና ነው፣ ፍቅርአዲስ። ሁሉም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የመምህሩን እግር ሲያይ እኔ እጁን ነበር የማየው።»

«ላብ አልቦት ነው።»

«በሰኔ?»

የማስተካክለው ሳሙና ፈለግሁ። ያን ቀን ብዙ ሳሙና ተሽጦ ስለነበር አልነበረም።

«ፈርጃለሁ» አለ። «ዳግመኛ እንዳይነሣም ብያለሁ፤ በራሴ አፍ።» ምን ማለቱ እንደሆነ ፊቱ ላይ ፈለግሁ። ሰውየው ሰላሳ ዓመት ተማሪ ፊት የቆመ ነው፤ ፊቱ የጥቁር ሰሌዳ ያህል ነው የሚናገረው፣ የተጠረገ። ከዚያ ዜማን አያት፣ እኔን አየኝ፣ በመሀላችን ያለውን አየር አየ። «እናንተስ አሁንም ስለ ሽንኩርት ነው?»

«አሁንማ ተወደደ» አልኩት። «ስለ ድንች ሆኗል።»

ልክ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ከታች መጡ። እንዳላማው በክራንቹ፣ አምደሚካኤል እያነከሰ፣ እጅ ለእጅ። አያ ገዳሙን እንዳላማው አየው፤ አልቆመም። ከሱቄ ፊት ሲደርሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ድንጋይ፣ በቀኝ» አለ።

በቀኝ ምንም ድንጋይ የለም። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ጠዋት ራሴ ጠርጌዋለሁ። አምደሚካኤል ቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ያመመውን ጉልበቱን አጥፎ፣ የሌለውን ድንጋይ ተሻገረ። መንገዱን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

አያ ገዳሙ ክርኑን ከመደርደሪያዬ አነሣ።

«በግራም አለ» አለ፣ ረጋ ብሎ። «ጠንቀቅ በሉ።»

እንዳላማው ቆመ። ወደ ግራ አየ። በግራም ምንም የለም። አምደሚካኤል ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ አዘነበለ፤ ሰውየው ድንጋይ እንደ ምክንያት እያቀበለው ይሁን እንደ እንቅፋት እያስቀመጠበት ለማወቅ የሚያዳምጥ ይመስላል። እኔም ሳላውቅ ቀረሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ገዳሙ» አለ አምደሚካኤል። ግራ እግሩን ከፍ አደረገ፣ ከቀኙ ከፍ አድርጎ፣ ተሻገረ፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወደ ግቢው ገቡ።